ወንዝ ሁሉን አያጠራም
ሳሙና፣ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ውኃ ውስጥ ገብተው ምን እንደሚሆኑ ለእናቶችና ለቤተሰብ የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

ስለ ውኃ ንጽሕና ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ምንጭን ስለ ማጠር፣ ውኃን ስለ ማፍላት፣ እንስራን ስለ መክደን፣ እጅን ስለ መታጠብ ያልሰማ ቤተሰብ ዛሬ ጥቂት ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ትምህርት የተነጋገርነው በዓይን ስለማይታዩት ሕዋሳት፣ ማለት ስለ ጀርሞች ነበር። የዛሬው ትምህርታችን ከዚያ ይለያል። በፋብሪካ ተሠርቶ ወደ ቤታችንና ወደ እርሻችን ስለሚመጣው፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ወደ ውኃችን ስለሚወርደው ኬሚካል ነው። ኬሚካል ስንል የዱቄት ሳሙናው፣ በረኪናው፣ ማዳበሪያው፣ የአረሙና የተባዩ መድኃኒት ሁሉ ማለታችን ነው።

በየመንደሩ ስንዞር እንዲህ ያለ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመናል። አንዲት እናት ከምንጭ ውኃ ቀድታ ትመለሳለች። የተሸከመችው ጀሪካን ግን ከሌላው የተለየ ነው። የራስ ቅልና የአጥንት ሥዕል ያለበት ወረቀት ተልጦ ግማሹ ቀርቶበታል።

«እትዬ፣ ይህ ጀሪካን ቀድሞ የምን ነበር?» ብለን እንጠይቃለን።

«የአረም መድኃኒት የመጣበት ነው። ባለቤቴ ረጭቶ ሲጨርስ ለውኃ ያዝኩት። በአመድና በአሸዋ አድርጌ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ።»

«ለልጆቹም ከዚሁ ያጠጧቸዋል?»

«ታዲያስ! ምን ላድርግ ልጄ፣ ጀሪካን ውድ ነው። ደግሞም ዝም ብዬ አላጠጣቸውም፤ እናንተው እንዳስተማራችሁን አፍልቼ ነው።»

ይህች እናት ሰነፍ አይደለችም። ያስተማርናትን ሁሉ ፈጽማለች። ጉድለቱ የእኛ ነው። ማፍላት የሚገድለውን ነግረናት የማያጠፋውን ሳንነግራት ቀርተናል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያንን ጉድለት ለመሙላት ነው። ማንበብ የምትችሉ ለማይችሉት ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። ልጆች ደግሞ ለእናቶቻቸው ያንብቡላቸው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. በሦስት ብርጭቆ የሚደረግ ሙከራ

ነገሩን በወሬ ብቻ ከምትሰሙት በዓይናችሁ ብታዩት ይሻላል። ሦስት ብርጭቆ ወይም ሦስት ጠርሙስ አምጡና ንጹሕ ውኃ ሙሉባቸው። በአንደኛው አንድ ማንኪያ ጨው፣ በሁለተኛው አንድ ማንኪያ ዘይት፣ በሦስተኛው አንድ ማንኪያ አፈር ጨምሩና በደንብ በጥብጡ። ከዚያም ሌላ ሥራችሁን እየሠራችሁ ጥቂት ቆዩና ተመልሳችሁ ተመልከቱ።

ጨው ያለበት ውኃ ጥርት ብሎ ይታያል። በዓይን ብቻ ለሚያየው ሰው ምንም የገባበት አይመስልም። ቅመሱት፤ ከላዩም ከታቹም እኩል ጨው ጨው ይላል። ዘይቱ ከውኃው አልተዋሐደም፤ ወጥቶ ከላይ ተንሳፏል። አፈሩ ደግሞ ቀስ በቀስ ከሥር ተቀምጧል።

ወደ ወንዝና ወደ ምንጭ የሚገባ ኬሚካልም እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ እንደ ጨው ይሟሟና ውኃው በሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ አፈር ውስጥ ሠርጎም ወደ ጉድጓድ ውኃ ይደርሳል። አንዳንዱ ውኃን ይጠላል፤ ስብና ቅባትን ይወዳል። እንዲህ ያለው ባገኘው የዓሣ፣ የከብትና የሰው ስብ ውስጥ ይገባል። አንዳንዱም በደለሉ ላይ ተጣብቆ ከወንዙ ሥር ይቀመጣል፤ ጎርፍ በመጣ ጊዜም ከደለሉ ጋር እንደገና ተነሥቶ ይጓዛል።

ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው። ጥርት ያለ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ውኃ አይደለም። የጨዉን ውኃ ግን አትድፉት፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

2. የእንዶድ ታሪክ

ከታች ያለው ጎረቤት የሚጠጣው እኛ ከላይ ያጠብንበትን ነው ስንል፣ ይህን በሚገባ ያሳየ አንድ ታሪክ በአገራችን አለ።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄደው ነበር። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ትል የሚያድገው በውኃ ውስጥ ባሉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ነው። ዶክተር አክሊሉ ወንዙን ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አገኙ። ከማጠቢያው ራቅ ባለው ቦታ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ከዚህ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። ለዚህም ሥራቸው ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እነዚያ እናቶች ያሰቡት ልብሳቸውን ማንጣት ብቻ ነበር። ያጠቡበት ውኃ ግን ወርዶ ከታች ሌላ ሥራ ሠራ። ያን ጊዜ የደረሰው ቀንድ አውጣ ላይ ስለሆነ ለሰው ጥቅም ሆነ። ሆኖም እንዶድ ብዙ ሆኖ ከገባ ዓሣንም ይገድላል።

ደግነቱ እንዶድ በውኃ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ከተክል የተገኘ ስለሆነ በውኃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት በጥቂት ቀን በልተው ያፈርሱታል። «ጀርም ሁሉ ጠላት ነው» ብላችሁ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ጥቂት አስቡ። በአፈርና በወንዝ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ሕዋሳት በሽታ አያመጡም። የወደቀ ቅጠልን፣ እበትንና ጉድፍን እየበሉ ምድርን የሚያጸዱ ሠራተኞች ናቸው። አባቶቻችን «ወራጅ ውኃ ራሱን ያጠራል» የሚሉት በእነዚህ ሠራተኞች ምክንያት ነው። ታዲያ ጥያቄው እነዚህ ሠራተኞች የፋብሪካውንም ዕቃ መብላት ይችላሉ ወይ? የሚለው ነው።

3. የዱቄት ሳሙና ምን ይሆናል?

የሳሙና ቅንጣት፣ ብናያት ኖሮ፣ ራስና ጅራት ያላት ትመስል ነበር። ራሷ ውኃን ትወዳለች፤ ጅራቷ ደግሞ ቅባትን ትወዳለች። ልብስ በሚታጠብበት ጊዜ ጅራቷ እድፉንና ቅባቱን ትይዛለች፤ ራሷ ደግሞ ወደ ውኃው ትጎትተዋለች። ልብሱ የሚነጣው እንዲህ ነው። ሆኖም ይኸው ባሕርይዋ ዓሣን ይጎዳል፤ የዓሣው መተንፈሻ የሆነውን ስንጥብ ይልጠዋልና።

የዱቄት ሳሙና በዓለም ላይ የበዛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በጀርመን ወንዞች ላይ አረፋ እንደ በረዶ ተቆልሎ ይታይ ጀመር። በአሜሪካ አንዳንድ ቦታ ከቧንቧ የሚቀዳው የመጠጥ ውኃ ሳይቀር አረፋ ያወጣ ነበር። ሕዝቡ ደንግጦ ምክንያቱን ሲጠይቅ ሊቃውንቱ መርምረው ደረሱበት። የዚያ ዘመን የዱቄት ሳሙና ጅራቱ እንደ እሾሃም ግራር ቅርንጫፍ የበዛበት ነበር።

ነገሩን በምሳሌ እንግለጸው። ልጅ ሸንኮራ አገዳ ሲበላ ከጫፉ ይጀምርና እየገመጠ ወደ ታች ይወርዳል። ሕዋሳቱም የሳሙናን ጅራት የሚበሉት እንዲሁ ከጫፉ ጀምረው ነው። ቅርንጫፍ የበዛበትን ግን በየት በኩል ይጀምሩት? ቅርንጫፉ ይከለክላቸዋል፤ ትተውት ይሄዳሉ። ስለዚህ አረፋው ከወንዝ ወደ ወንዝ፣ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሳይፈርስ ይጓዝ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ምዕራብ ጀርመን በ1961 ሕግ አወጣች፤ ሕጉም በ1964 ሥራ ላይ ዋለ። የአሜሪካ ፋብሪካዎችም በ1965 ጅራቱ ቀጥ ወዳለው ዓይነት ተዛወሩ። ዛሬ በአብዛኛው የዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ይህ ቀጥ ያለው ዓይነት ነው። አየር ባለው ወራጅ ውኃና በአፈር ውስጥ ሕዋሳት በቀናት ውስጥ አብዛኛውን ያፈርሱታል።

«እንግዲያውስ ችግሩ አለቀ፤ ወንዝ ዳር እንደ ልባችን እንጠብ» የሚል አይጠፋም። አላለቀም። ምክንያቱን እንናገር።

አንደኛ፣ ሕዋሳቱ ሲበሉ እንደ እኛ ይተነፍሳሉ፤ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሱታል። በአንዲት ትንሽ ምንጭ ወይም በበጋ በሳሳ ወንዝ ላይ መንደሩ ሁሉ በአንድ ቀን ቢያጥብ፣ ሠራተኛው ሕዋስም ሥራው ይበዛበታል፤ ዓሣውም ትንፋሽ ያጥረዋል። አየር በሌለበት ጥቁር ጭቃ ውስጥ የገባው ሳሙና ደግሞ ሳይፈርስ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ሁለተኛ፣ ማፍረስ ጊዜ ይፈልጋል። እናንተ ጠዋት ከላይ ያጠባችሁበትን ውኃ ጎረቤታችሁ ከሰዓት በኋላ ከታች ከቀዳችው፣ ሕዋሳቱ ሥራቸውን ገና አልጨረሱም።

ሦስተኛ፣ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ሳሙና ብቻ አይደለም። ነጭ ልብስን ቦግ የሚያደርግ ቀለም አለበት፤ እርሱ በጭቃ ላይ ይጣበቃል፤ የሚያፈርሰውም የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ያውም ቀስ ብሎ። በብዙ ዓይነት ሳሙና ውስጥም ፎስፌት ገብቷል፤ የእርሱን ነገር ለብቻው እንናገራለን።

በረኪናን በተመለከተ፣ እድፍና ፀሐይ ሲያገኘው ኃይሉ ቶሎ ይጠፋል። ነገር ግን በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከቶ አትቀላቅሉ። መተንፈሻን የሚያቃጥል አደገኛ ጋዝ ያወጣል።

4. ውኃን የሚያሰባ ምግብ

ፎስፌት በማዳበሪያ ውስጥ ያለው ያው ንጥረ ነገር ነው። እህልን እንደሚያሳድግ ሁሉ፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውኃ ላይ የሚበቅለውን ያሳድጋል። በሳሙና ውስጥ የሚጨምሩት ጠንካራውን ውኃ ለማለስለስ ነው። ሕዋሳት ፎስፌትን በልተው አያጠፉትም፤ በንኖም አይሄድም። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው፣ ከተክል ወደ ጭቃ፣ ከጭቃ ተመልሶ ወደ ውኃ ይዞራል እንጂ።

ውኃ እንዲህ ከመጠን በላይ ሲመገብ፣ በላዩ ላይ አልጌ የሚባል አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይወርሰዋል። አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ የውኃው አየር ያልቃል፤ ዓሣ ይሞታል፤ ውኃው ይሸታል። በአሜሪካና በካናዳ መካከል ያለው የኢሪ ሐይቅ በ1960ዎቹ ዓመታት እንዲህ ተበላሽቶ ነበር። ሁለቱ አገሮች በ1972 ተስማምተው ወደ ሐይቁ የሚገባውን ፎስፌት መቀነስ ጀመሩ።

የእኛን የጣናን ሐይቅ እናንሣ። እንቦጭ የተባለው አረም በጣና ላይ የታየው በ2011 ነው። እንቦጭን ሳሙና ብቻ አመጣው አንልም። ነገር ግን ከየእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ከየከተማው የሚወርደው ፍሳሽና ከየተራራው የሚሸረሸረው አፈር ለእንቦጭ ቀለብ ሆነውታል። ጠላትን እየቀለቡ መዋጋት ደግሞ ድካም ነው።

5. የማይፈርሰው መድኃኒት

እስካሁን የሚፈርሰውንና የሚዞረውን አየን። አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ።

ዲ.ዲ.ቲ.ን የማያውቅ የለም። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የወባን ትንኝ ለማጥፋት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተረጭቷል። ከወባ ብዙ ሰው አድኗል፤ ይህን አንክድም። ኋላ በሌሎች መድኃኒቶች ተተካ። ለምን ተተካ? አንዱ ምክንያት ትንኞቹ ስለለመዱት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ዲ.ዲ.ቲ. ቶሎ የማይፈርስ ስለሆነ ነው። ሕዋሳት ጥቂት ይነኩትና ዲ.ዲ.ኢ. ወደሚባል ሌላ ዓይነት ይለውጡታል፤ እርሱም እንደ አባቱ ጠንካራ ነው። ውኃን ይጠላል፤ ስብን ይወዳል። በመጀመሪያው ሙከራ ያያችሁትን የዘይቱን ብርጭቆ አስታውሱ።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርንያ ክፍለ ግዛት፣ ክሊር ሌክ የሚባል ሐይቅ አለ። በዚያ ሐይቅ ዳር ሰውን የማይነድፉ፣ ነገር ግን የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ትንኞች ነበሩ። እነርሱን ለማጥፋት የዲ.ዲ.ቲ. ወንድም የሆነ ዲ.ዲ.ዲ. የተባለ መድኃኒት በ1949፣ በ1954 እና በ1957 በሐይቁ ውስጥ ጨመሩ። መጠኑ በጣም ጥቂት ነበር፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ የጨመሩት ለ50 ሚሊዮን እጅ ውኃ አንድ እጅ መድኃኒት ብቻ ነው። «ይህን ያህል ውኃ ውስጥ ምን ሊያደርግ!» አሉ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሐይቁ ውኃ ሲመረመር መድኃኒቱ በውኃው ውስጥ አልተገኘም። ግን ዓሣ የሚበሉ የውኃ ወፎች ይሞቱ ጀመር። ስባቸው ሲመረመር ከአንድ ሚሊዮን እጅ 1600 እጅ መድኃኒት ተገኘበት። መድኃኒቱ ከውኃው የታጣው ሕይወት ወዳላቸው ፍጥረታት ስለተዛወረ ነው። የውኃ ጥቃቅን ፍጥረቶች ጥቂት ጥቂት በሉት፤ ትንሹ ዓሣ ብዙ ጥቃቅን ፍጥረት በላ፤ ትልቁ ዓሣ ብዙ ትንሽ ዓሣ በላ፤ ወፏ ብዙ ትልቅ ዓሣ በላች። በየደረጃው ጥቂት የነበረው እየተከማቸ ሄደ። ከ1000 ጥንድ በላይ የነበሩት ወፎች በ1960 ወደ 30 ጥንድ ያህል ብቻ ቀሩ።

በእኛም ቤት ከብት ሣር ይበላል፤ ላሚቱ ትታለባለች፤ ሕፃኑ ይጠጣል። የማይፈርስ መድኃኒት ይህን መንገድ ያውቀዋል። «ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፦ ይህን ሰምታችሁ ልጃችሁን ጡት አታስጥሉ። የእናት ጡት ለሕፃን ከሁሉ የበለጠ ምግብ መሆኑ አልተለወጠም። የሚገባን መድኃኒቱን ከውኃችንና ከቤታችን ማራቅ ነው።

በዚህ ምክንያት በ2001 በስዊድን ከተማ በስቶክሆልም ብዙ መንግሥታት ተሰብስበው የማይፈርሱ ኬሚካሎችን ለመገደብ ስምምነት ፈረሙ፤ ስምምነቱም በ2004 ጸና። ዲ.ዲ.ቲ. በሽታ አስተላላፊ ትንኝን ለመከላከል ብቻ በጥብቅ ቁጥጥር እንዲፈቀድ ሆነ። ስለዚህ ዲ.ዲ.ቲ.ን እህል ላይ መነስነስ፣ ወይም ለቁንጫ ብሎ መኝታ ላይ መርጨት፣ ወይም ለቅማል ብሎ የልጅን ራስ መቀባት ከባድ ጥፋት ነው። ዛሬ በገበያ ያሉት ብዙዎቹ የተባይ መድኃኒቶች ከዲ.ዲ.ቲ. ይልቅ ቶሎ ይፈርሳሉ። ግን ከመፍረሳቸው በፊት አንዳንዶቹ ከዲ.ዲ.ቲ. ይበልጥ ሰውን ይመርዛሉ። ስለዚህ «ይህኛው ይፈርሳል» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

6. ማፍላት ምን ያደርጋል? ምን አያደርግም?

አሁን ያስቀመጣችሁትን የጨው ውኃ አምጡ። መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉትና ቅመሱት፤ ጨዉ አለ። ቀጥሎ በትንሽ ድስት አድርጋችሁ ግማሹ እስኪቀር አፍሉት። ሲበርድ ቅመሱት። ጨዉ ጠፋ? አልጠፋም፤ እንዲያውም ባሰበት! ውኃው በንኖ ሲሄድ ጨዉ ቀርቷልና።

ማፍላት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነገር ነው። ተቅማጥን፣ ታይፎይድን፣ ኮሌራን የሚያመጡትን ጀርሞች ይገድላል። ስለዚህ ማፍላትን አትተዉ! በውኃ ውስጥ የሟሟ ኬሚካልን ግን እንደ ጀርም መግደል አይቻልም፤ ሕይወት የለውምና። ብዙው እንደ ጨዉ ከድስቱ ውስጥ ይቀራል።

ይህ ነገር በሕፃናት ላይ የደረሰበት ታሪክ አለ። በ1945 በአሜሪካ በአይዋ ክፍለ ግዛት ሐንተር ኮምሊ የተባለ ሐኪም፣ በገጠር የሚኖሩ ሕፃናት ከንፈራቸውና ቆዳቸው ሰማያዊ እየሆነ ወደ እርሱ ይመጡ እንደ ነበር ጻፈ። ሕፃናቱ የጡጦ ወተት ይጠጡ ነበር፤ ወተቱም የሚበጠበጠው በጉድጓድ ውኃ ነው። በዚያ ውኃ ውስጥ ናይትሬት በዝቶ ተገኘ። ናይትሬት ከማዳበሪያ፣ ከእበትና ከመጸዳጃ ጉድጓድ እንደ ጨው ሟሙቶ በአፈር ውስጥ የሚሠርግ ነገር ነው። በትንሽ ሕፃን ሆድ ውስጥ ሲገባ ተለውጦ ደሙ አየር እንዳይሸከም ያደርጋል። እናት ለጥንቃቄ ብላ ውኃውን ረጅም ጊዜ ካፈላችው ደግሞ ናይትሬቱ ይበልጥ ይጠነክራል። ውኃው ከጉድጓድ ከተቀየረ ግን ሕፃናቱ ይድኑ ነበር።

ለሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ስጡ የምንለው፣ ከጀርሙ ሌላ፣ በዚህም ምክንያት ነው።

7. የዚያ ጀሪካን ነገር

አሁን ወደ ጀመርንበት እንመለስ። እትዬ ጀሪካኑን በአመድና በአሸዋ ሦስት ጊዜ ማጠባቸው ለምን አልበቃም? ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ አይደለም። መድኃኒቱ በግድግዳው ውስጥ ይሠርጋል። አጣቢው የሚያነሣው ከላይ ያለውን ነው፤ ወደ ውስጥ የገባው ግን ቀስ እያለ ወደ ውኃው ይወጣል። ዘይት ቢቀመጥበት ደግሞ ይብሳል፤ ብዙ የተባይ መድኃኒት ቅባት ይወዳልና። ውኃው ቢፈላም መድኃኒቱን አያጠፋውም። ሽታ የለውም ማለትም መርዝ የለውም ማለት አይደለም።

ስለዚህ የመድኃኒት ዕቃ ለውኃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ፣ ለወተት፣ ለእህልም ቢሆን ከቶ አይሆንም። ጀሪካን ውድ መሆኑን እናውቃለን። ገበያ ላይ ያገለገለ ጀሪካን ስትገዙም «የምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የዘይት ከሆነ ታጥቦ ይሆናል፤ የመድኃኒት ከሆነ ወይም ሻጩ የምን እንደ ነበረ ካላወቀ ተዉት።

8. በየቤታችን ልናደርገው የሚገባን

ሀ) ልብስ በምንጩ ዓይን ወይም በወንዙ ውስጥ አትጠቡ። ውኃውን በሳፋ ቀድታችሁ ከምንጩ ወይም ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ይኸውም 40 ያህል እርምጃ፣ በቁልቁለቱ በኩል ርቃችሁ እጠቡ።

ለ) የታጠበበትን ውኃ አፈር ላይ ድፉት። አፈር ከወንዝ ይበልጥ ብዙ ሠራተኛ ሕዋስ አለው። በየቀኑ ግን በአንድ ቦታ አትድፉ፤ ወይም በድንጋይና በጠጠር የተሞላ ትንሽ የፍሳሽ ጉድጓድ ቆፍሩ።

ሐ) ሳሙና በልክ አድርጉ። አረፋ መብዛቱ ልብስ መጽዳቱን አያሳይም። ትርፉ ሳሙና ገንዘባችሁን ጨርሶ ወንዙን ያስቸግራል። የእጅ ሳሙናን ግን አትቆጥቡ፤ እጅ መታጠብ የልጅን ሕይወት ያድናል።

መ) ማዳበሪያ ከምንጭ፣ ከጉድጓድና ከወንዝ ዳር አትበትኑ። በወንዙ ዳር ሣርና ቁጥቋጦ ተዉ፤ ጎርፉ የያዘውን አፈርና ማዳበሪያ እዚያ ይጥላል።

ሠ) መርጫውን ወንዝ ውስጥ አትለቅልቁ። ባዶ የሆነውን የመድኃኒት ዕቃ ሦስት ጊዜ በውኃ አለቅልቁና ለቅለቃውን ወደ መርጫው መልሳችሁ እዚያው እርሻው ላይ ርጩት። ከዚያም ዕቃውን ማንም እንዳይጠቀምበት ብሱት። ምድጃ ውስጥ አታቃጥሉት፤ ጭሱ ይመርዛል። የት እንደሚረከብ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ።

ረ) ባሎቻችሁ መድኃኒት ረጭተው ሲመለሱ፣ ሕፃን ከማቀፋቸው በፊት ይታጠቡ። የለበሱትንም ከልጆች ልብስ ለይታችሁ እጠቡ።

ሰ) መድኃኒትን በመጣበት ዕቃ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ቆልፋችሁ አስቀምጡ። በለስላሳ ጠርሙስ ወይም በውኃ ላስቲክ አትገልብጡት። ልጅ የሚጠጣ ነገር ይመስለዋል።

ሸ) ልጅ መድኃኒት ከጠጣ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል፤ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። ቆዳው ላይ የፈሰሰ ከሆነ ልብሱን አውልቃችሁ በብዙ ውኃና በሳሙና እጠቡት። ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ዓይነት እንዲያውቅ ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

መዝጊያ

እንግዲህ ነገሩን ስናጠቃልለው፦ ሕዋሳት የሚያፈርሱት አለ፤ ሳይፈርስ እየዞረ አልጌና አረም የሚቀልብ አለ፤ በስብ ውስጥ እየተከማቸ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍም አለ። ሦስቱን በዓይን አይተን ልንለይ አንችልም። ውኃው ውስጥ ከገባ በኋላም በቤታችን እሳት ልናወጣው አንችልም። የምንችለው አንድ ነገር ነው፤ ከመግባቱ በፊት መከልከል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ!

ያችም እናት ይህን ከተረዳች በኋላ ጀሪካኑን በስታ ለግብርና ባለሙያው ብትሰጥ፣ ውኃዋንም በንጹሕ ዕቃ ቀድታ እንደ ቀድሞው ብታፈላ፣ ያን ጊዜ ትምህርታችን ሙሉ ሆነ ማለት ነው።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሦስቱ ብርጭቆ ሙከራ ጨዉ፣ ዘይቱና አፈሩ ምን ሆኑ? በወንዝ ውስጥ እንደ እነርሱ የሚሆኑት የትኞቹ ናቸው?

2. የጨው ውኃ ሲፈላ ጨዉ ለምን ባሰበት? ታዲያ ማፍላት የሚጠቅመው ለምንድን ነው?

3. በክሊር ሌክ ውኃ ውስጥ መድኃኒቱ ሲታጣ ወዴት ሄዶ ነበር?

4. በመንደራችሁ ሰው የሚያጥበው ከየት ላይ ነው? የሚቀዳውስ? ቦታውን ለመለወጥ ከጎረቤቶቻችሁና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

5. በቤታችሁ ያሉትን ጀሪካኖች ዛሬውኑ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ቀድሞ የምን ነበር?